ከስሙ በፊት ውፍረቱን፦ ለአንድ የደብረ ብርሃን ቤዝ ተጫዋች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምንጫወተው ደብረ ብርሃን ነው፤ ጥር ላይ ሠርግ፣ በሌላው ጊዜ የባህል ምሽት። ቤዝ ጊታሬ ባለ አራት ክር ነው። ክሩ ከተቀየረ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ድምፁ ደንዝዟል፣ ማሲንቆና ክራር ሲገቡ ጭራሽ አይሰማም። ዘፋኛችን ላይኛው ድምፅ ስለሚከብደው ግማሽ ቶን አውርደን እንቃኛለን፤ ያኔ ወፍራሙ ክር ይላላና ፍሬት እየመታ ይንጣጣል። ጣቴንም ይልጠኛል። ጓደኞቼ ፍላት ግዛ፣ የድሮውን ድምፅ ይሰጥሃል ይሉኛል። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ የትኛውን ክር ልግዛ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አጭሩን መልስ ያዝ፦ ውፍረቱ ከ45 እስከ 105 የሆነ፣ በኒኬል የተለበጠ ብረት፣ ራውንድ ዎንድ (ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት)፣ ለሎንግ ስኬል (ክሩ ረዥም ለሆነ ቤዝ) የተሠራ ፓኬት ግዛ። ፍላቱን፣ ጠፍጣፋ ጥብጣብ የተጠመጠመበትን፣ ለጊዜው ተወው። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለብህ፤ ሱቁ ውስጥ ይሄው ፓኬት ባይኖር ካለው ውስጥ የትኛው እንደሚሻልህ የምትመርጠው በዚያ ነው።

ከወፍራሙ ክር እንጀምር፤ ዋናው ችግርህ እዚያ ነው ያለው። ፓኬት ላይ 45፣ 65፣ 80፣ 100 ወይም 45፣ 65፣ 85፣ 105 ተብሎ የሚጻፈው የእያንዳንዱ ክር ውፍረት ነው፤ መለኪያው የኢንች አንድ ሺኛ ነው። 100 ማለት 2.54 ሚሊ ሜትር፣ 105 ማለት 2.67 ሚሊ ሜትር። በዓይን የሚለይ ነገር አይደለም፤ እጅ ላይ ግን በደንብ ይታወቃል። ውጥረት የሚጨምረው እንደ ውፍረቱ ሳይሆን እንደ ውፍረቱ ስኩዌር ስለሆነ፣ ውፍረቱ 5 በመቶ ሲጨምር ቅኝቱ ሳይነካ ውጥረቱ 10 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ቅኝት ስታወርድም ሕጉ ያው ነው። ወፍራሙ ክር፣ ኢ የሚባለው፣ በመደበኛው ቅኝት በሰከንድ 41.2 ጊዜ ይርገበገባል፤ ግማሽ ቶን ሲወርድ 38.9 ይሆናል። ይቺ ትንሽ የምትመስል ልዩነት ስኩዌር ሆና ስትመጣ ከክሩ ውጥረት 11 በመቶ ትወስዳለች። የላላው ክር ሲመታ ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል፣ ስፋቱ ፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ ያሉት አግዳሚ ብረቶች፣ ላይ ያደርሰዋል፣ ከዚያ ይንጣጣል። ጊታርህ ተበላሽቶ አይደለም።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች አገናኛቸው። ግማሽ ቶን ስታወርድ 11 በመቶ ታጣለህ፤ ከ100 ወደ 105 ስትሄድ 10 በመቶውን ታስመልሳለህ። ስለዚህ ግማሽ ቶን የወረደ 105 ክር፣ በመደበኛው ቅኝት ያለ 100 ክር እጅ ላይ የሚሰጠውን ስሜት ይሰጥሃል ማለት ይቻላል። ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው የትኛውም ስም ይልቅ ለአንተ የሚጠቅምህ ይሄ ስሌት ነው። ነገ ሌላ ዘፋኝ መጥቶ ሙሉ ቶን አውርዱልኝ ካለ ኪሳራው 21 በመቶ ስለሚሆን ወፍራሙን ወደ 110 ማሳደግ አለብህ። ቀጭኖቹ ግማሽ ቶን ሲወርዱ ትንሽ ይለሰልሳሉ፤ ጣትህ ስለቆሰለ ለጊዜው ደግ ነው። እነሱንም ጠንከር ማድረግ ካሻህ 50፣ 70፣ 85፣ 105 የሚባል ፓኬት አለ። ለባለ አራት ክር ቤዝ የተለመዱት ፓኬቶች በመደበኛ ቅኝት አራቱ ተደምረው አንገቱን ከ75 እስከ 85 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይጎትቱታል። ውፍረት በቀየርህ ቁጥር አንገቱም የሚነቃነቀው ለዚህ ነው፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ወደ ፍላቱ ጉዳይ ስንመጣ፣ ጓደኞችህ ስለ ድምፁ የነገሩህ እውነት ነው። የቤዝ ክር መሐሉ ላይ የብረት ሽቦ አለው፣ በላዩ ሌላ ሽቦ ይጠመጠምበታል። የሚጠመጠመው ሽቦ ክብ ከሆነ ራውንድ ዎንድ ነው፤ በጥፍርህ ስትፈትገው እንደ ሞረድ ይሻክራል። ሽቦው ጠፍጣፋ ጥብጣብ ከሆነ ፍላት ዎንድ ይባላል፤ መስታወት ላይ ጣት የማሳለፍ ያህል ልስልስ ነው። ኤሌክትሪክ ቤዝ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲሸጥ የነበረው ከፍላት ጋር ነው። ራውንድ ዎንዱ የገነነው ክር አምራቹ ሮቶሳውንድ ከእንግሊዛዊው ቤዝ ተጫዋች ከጆን ኤንትዊስል ጋር በ1966 ከሠራው ክር ወዲህ ነው። ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያ ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጀመርሰን ደግሞ እስከ መጨረሻው ላ ቤላ የተባለው ኩባንያ በሠራው ወፍራም ፍላት ነው የተጫወተው፤ ክሩን እምብዛም እንደማይቀይርም የታወቀ ነው። አሮጌ ቅጂዎች ላይ የምንሰማው ድብ ብሎ የሚያጥር፣ ብረት ብረት የማይል ቤዝ ይሄው ነው። በእኛ ሙዚቃም ያምርበታል። በአንቺሆዬና በባቲ ከድምፅ ወደ ድምፅ ጣትህን ስታንሸራትት ራውንዱ ይፋጫል፣ ፍላቱ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ዝም ብሎ ያልፋል። በፈጣኑ ጭክጭካም እያንዳንዱ ምት ቶሎ ስለሚሞት ቦታ አይሻማም።

ታዲያ ለምን ተወው አልሁህ? የምትጫወትበት አዳራሽና ያላችሁ ስፒከር አይፈቅድማ። ለሠርግ የሚጓዙት ባለ 10 እና ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች አብዛኞቹ ከ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ንዝረት) በታች እየደከሙ ይሄዳሉ። የኢ ክር መሠረታዊ ድምፅ 41 ኸርዝ ስለሆነ በእነሱ ውስጥ ሙሉ ሆኖ አይወጣም። ሰው ቤዝ ሰማሁ የሚለው ከዚያ በላይ ያሉትን ተከታታይ ድምፆች፣ 82ቱን፣ 124ቱን፣ ከዚያም በላይ ያሉትን ሰምቶ ነው፤ የጎደለውን መሠረት ጆሮው ራሱ ይሞላዋል። ራውንድ ክር እነዚህን የላይኛ ድምፆች አብዝቶ ይሰጣል፣ ፍላት ይቀንሳቸዋል። በዚያ ላይ ከበሮው ታችኛውን ቦታ ይዞታል፣ ማሲንቆው መሐሉን ይዞታል። ሦስት ዓመት ያልቀየርኸው ክርህ አሁን የማይሰማው ከዚህ የተነሣ ነው፤ በጥምጥሙ መሐል ላብና እድፍ ሞልቶ በውጤት ደረጃ ፍላት ሆኗል። ፍላት ብትገዛ ብዙ ከፍለህ አሁን ካለህበት እምብዛም አትርቅም።

የድሮውን ድምፅ ከፈለግኸው በጥቂት ሳንቲም ሞክረው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ወስደህ 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት አድርገህ ቁረጥ፣ ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት) አጠገብ ከክሮቹ ሥር አስገባው። አራቱንም ክር ከታች ነካ እንዲያደርግ እንጂ ወደ ላይ እንዲገፋቸው አይደለም፤ ከገፋ ቅኝቱ ይዛባል። ከብሪጁ በራቀ ቁጥር ድምፁ ይበልጥ ያጥራል። ለጭክጭካው ታስገባዋለህ፣ ድምፁ ተንጠልጥሎ መቆየት ላለበት ቀስታ ትዝታ ታወጣዋለህ። አንድ ፓኬት ሁለቱንም ሥራ ይሠራልሃል። ስፖንጁን ካስገባህ በኋላ ማውጣት እያስጠላህ ከመጣ፣ ያኔ ፍላት ለአንተ ነው፤ 45-105 ፍላት በሚቀጥለው ጊዜ ግዛ። ከዚያ ወፍራም የሆነውን፣ 52-110 ዓይነቱን፣ አንገቱንና ነቱን (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበትን ባለ ቦይ መደገፊያ) ባለሙያ ሳያይልህ እንዳትነካው። ፍላት በአንድ ወገን ቁጠባም ነው፦ እድፍ የሚገባበት ጎድጓዳ ስለሌለው ዓመታት ያገለግላል፣ ፍሬትም እምብዛም አይበላም። በመሐል ያለ ሃፍ ራውንድ የሚባልም አለ፤ ክብ ሽቦ ተጠምጥሞ ላዩ የተሞረደ ነው። ጥቁር ናይለን የተጠመጠመበት ቴፕ ዎንድም ይኖራል፤ እሱ ግን ለእናንተ ስፒከር ከፍላትም ይብሳል።

ስለ ብረቱ ዓይነት ብዙ አልልህም። ስቴይንለስ ስቲል ከሁሉ ብሩህ ነው፣ ዝገትም ይችላል፤ ነገር ግን ሸካራ ነው፣ ጣትህ እየተላጠ ባለበት ሁኔታ አልመክርህም፣ ፍሬትም ቶሎ ይጨርሳል። ንጹሕ ኒኬል ለስላሳና ሞቅ ያለ ነው፣ ድምፁ ግን ወደ ኋላ ይላል። በኒኬል የተለበጠው ብረት በሁለቱ መካከል ነው፤ ዳዳሪዮም ሆነ አርኒ ቦል በብዛት የሚሸጡት እሱን ነው፣ በቀላሉም የሚገኘው እሱ ነው። እንደ ኤሊክሰር ያሉት ስስ ሽፋን ያላቸው ክሮች ላብን ስለሚከላከሉ ረዥም ጊዜ ብሩህ ሆነው ይቆያሉ፤ በዓመት አንዴ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ዋጋቸው ከበድ ቢልም ያዋጣሉ። ጣትን የሚልጠው ግን ክሩ ብቻ አይደለም። ክሩ ከፍሬቱ በጣም ሲርቅ ግራ እጅ ይደክማል፤ ራሱን መስማት ያቃተው ተጫዋች ደግሞ ቀኝ እጁን ያከብዳል። አምፑን ከፍ አድርገህ በቀላሉ ምታ።

ሱቅ ስትገባ የምታየውን ልንገርህ። ከመሄድህ በፊት ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ለካ፤ 43.2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሎንግ ስኬል ነው፣ 38.1 ከሆነ ሾርት ስኬል ነው። ለሾርት የተሠራ ክር ሎንግ ላይ አይደርስም፤ የሎንጉ ሾርት ላይ ሲገባ ደግሞ ወፍራሙ ገላው መቃኛው ምሰሶ ላይ መጠምጠም ግድ ይሆንበታል፣ ሽቦው ይሰነጠቃል። ፓኬቱ ላይ የክር ብዛቱ 4 መሆኑን፣ የውስጡ ላስቲክ አለመከፈቱን እይ። ግልጽ ላስቲክ ከሆነ ወደ ብርሃን አድርገህ ክሩ ላይ ቡናማ ነጥብ ፈልግ፤ መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየ ክር ሳይሸጥ ይዝጋል። ያለ ፓኬት፣ ውፍረቱ ሳይጻፍ በነጠላ የሚሸጠውን ለአንዲት ክር መተኪያ እንጂ ለአራቱም አታድርገው፤ ውፍረታቸው ካልተመጣጠነ አንዱ ይጮሃል ሌላው ይደበቃል።

አሮጌውን ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። የኢ ክሩን ሆድ፣ ፍሬት የሚነካውን ጎኑን፣ በጥፍርህ ከነቱ ወደ ታች እየዳሰስህ ሂድ። በየፍሬቱ ላይ ትክ ትክ የሚል ጎድጓዳ ይሰማሃል። ክሩ ከዚያ በኋላ በርዝመቱ ሁሉ እኩል ክብደት ስለሌለው በባዶው ተቃኝቶ 7ኛው ፍሬት ላይ ይዛባል፤ እንዲህ የሆነን ክር የትኛውም እጥበት አያድነውም።

መግጠሙ ላይ ብዙ ሰው አዲስ ክር ያበላሻል። አራቱን በአንዴ አታውጣ፤ አንዱን አውጥተህ አንዱን ግጠም፣ አንገቱ በአንዴ እንዳይፈታ። አዲሱን ክር ከብሪጁ አሳልፈህ እስከ ራሱ መቃኛ ምሰሶ ሳበው፣ ከምሰሶው አልፎ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ተርፎ እንዲቀር ምልክት አድርግ። ምልክቱ ላይ መጀመሪያ ወደ ጎን ቀጥ አድርገህ እጠፈው፣ ከዚያ ከእጥፋቱ ወዲያ ቁረጥ። ሳታጥፍ ከቆረጥኸው በተለይ መሐሉ ክብ ሽቦ በሆነ ክር ላይ ጥምጥሙ ይፈታና ክሩ በድን ይሆናል፤ አዲስ ሆኖ ሳለ የደነዘዘ ድምፅ የሚያወጣ ክር መንስኤው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ጫፉን ምሰሶው መሐል ካለው ቀዳዳ ክተት፣ እየጠመጠምህ ወደ ታች አውርደው። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል። ስትጠመጥም ክሩ በራሱ ላይ እንዳይጠመዘዝ ተጠንቀቅ። ከተቃኘ በኋላ ነቱና የብሪጁ ሳድል (እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባት ተንቀሳቃሽ ቁራጭ) አጠገብ በአውራ ጣትህ ጫን በለው፤ ክሩ እዚያ ላይ ቀስት ሠርቶ ከቀረ ቅኝቱም ጥራቱም አይረጋም። የኢ ክሩ ነቱ ቦይ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መቀመጡንም አረጋግጥ፤ ከላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ቦዩ በልኩ ሞረድ መስፋት አለበት፣ በኃይል አትጫነው።

ከዚያ መቃናት የሚገባው ይቃናል፣ ቅደም ተከተሉም አይገለበጥ፦ አንገት፣ የክሩ ከፍታ፣ መጨረሻ ኢንቶኔሽን (ቅኝቱ በአንገቱ ርዝመት ሁሉ ልክ መሆኑ)። በምትጫወትበት ቅኝት፣ ማለትም ግማሽ ቶን አውርደህ ቃኝ። የኢ ክሩን 1ኛው ፍሬት ላይ በካፖ ወይም በጣት፣ አንገቱ ከገላው በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ደግሞ በሌላው እጅ ተጫን። 7ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። መለኪያ ከሌለህ ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሦስት ደርበህ አስገባ፣ ክሩን ሳያነሣ ሹልክ ካለ ልክ ነው። ከሰፋ የትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ የተቀበረውን ማቅኛ ዘንግ) ቁልፍ ወደ ቀኝ፣ ከጠበበ ወደ ግራ አዙር፤ በአንዴ ከሩብ ዙር በላይ አትሂድ፣ አንድ ሌሊት አሳድረህ ደግመህ ለካ። ቁልፉ አልዞርም ካለ አቁም፤ የተበጠሰ ትረስ ሮድ አንገቱን ይዞ ነው የሚሄደው። የክሩን ከፍታ 17ኛው ፍሬት ላይ ለካ፤ በኢ በኩል 2.4፣ በቀጭኑ ክር በጂ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። አንተ ቅኝት ስለምታወርድ ኢን 2.6 ብታደርገው ይሻልሃል። (በበገና ላይ ያ የክር መንጣጣት በእንዝራው ቆዳ ተፈልጎ የሚመጣ የድምፁ ነፍስ ነው፤ ቤዝ ላይ ግን ይሄንኑ ነው የምናባርረው።) ለኢንቶኔሽኑ 12ኛው ፍሬት ላይ የተጫንኸውን ድምፅ እዚያው ሳትጫን ነካ ብቻ በማድረግ ከሚወጣው ጋር በቲውነር አስተያይ። የተጫንኸው ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ውሰድ፤ በየጊዜው እንደገና ቃኝ።

የአገሩን አየር አትርሳ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጥር ሌሊት ውርጭ ምን እንደሆነ አንተው ታውቀዋለህ። ብረት ሲበርደው ይሰበሰባል፣ ቅኝቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰው የሞላበት አዳራሽ ገብቶ ሲሞቅ ይላላና ይወርዳል። ከመኪና አውጥተህ ወዲያው ቦርሳውን አትክፈተው፤ የቀዘቀዘ ብረት ሙቅ ትንፋሽ ሲያገኘው ላዩ ላይ ውኃ ያወጣል፣ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቦርሳው እንደተዘጋ ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ አውጥተህ ቃኝ። የሠርግ ጥሪው ሸዋ ሮቢት ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደህ መቶ ኪሎ ሜትር ሳትጓዝ ከ1,500 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ከብርድ ሙቀት ውስጥ ትገባለህ። ክሩ በደቂቃዎች ይለወጣል፣ እንጨቱ ግን ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ እዚያ ቅኝቱን ብቻ አስተካክል፣ ትረስ ሮድ አትንካ። ለአንድ ሌሊት ብለህ ካዞርኸው ስትመለስ ሌላ ችግር ይጠብቅሃል። ትረስ ሮድ የሚታየው በዓመት ሁለቴ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ አንዴ፣ በጋው ሲደርቅ አንዴ።

አዲሱ ክር የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከሚገባው በላይ ያፏጫል። አትደንግጥ፣ አምፑ ላይ ያለውን ትሬብል ቀንስ። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ለባህል ባንድ የሚሆነው ምርጥ ድምፁ ላይ ይደርሳል፣ እዚያ ላይ ማቆየት ያንተ ፋንታ ነው። ከመጫወትህ በፊት እጅህን ታጠብ፤ ጮማ የነካ ጣት ክር ላይ አይውጣ። ስትጨርስ በደረቅ ጨርቅ እያንዳንዱን ክር ቆንጥጠህ ከላይ እስከ ታች፣ ከሥሩም ጭምር ጥረግ።

ሲደነዝዝ ብዙ ሰው ይቀቅለዋል። እድፉ ይወጣል፣ ብሩህነቱ ለጥቂት ቀን ይመለሳል፤ ግን ውኃው በጥምጥሙ መሐል ስለሚቀር በእኛ ብርድ ቶሎ አይደርቅም፣ ከውስጥ ይዝገዋል። አልኮል ይሻላል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ግን ሲሶው ያህል ውኃ ነው፤ ከ95 በመቶ በላይ የሆነውን ጠይቅ። ጫፉ በተደፈነ የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ውስጥ ክሮቹን ቀጥ አድርገህ ክተት፣ አልኮሉን ሙላበት፣ አፉን ክደን፣ አንድ ቀን ከሌሊቱ አሳድር። ከሰል ከሚነድበት ክፍል አርቀው፤ ትነቱ ሳይቀር እሳት ይይዛል። አውጥተህ ጥረገው፣ ሌላ ሁለት ሰዓት አናፍሰው። ሆዱ ላይ ያ ትክ ትክ የሚል ጎድጓዳ ከሌለ ክሩ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንዲህ ሊታጠብ ይችላል። የታጠበውን ፓኬት በሰፊው ጠቅልለህ ለመጠባበቂያ በጊታሩ ቦርሳ ኪስ አኑር። አንዴ በልኩ የተቆረጠ ስለሆነ ለዚያው ጊታር ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ የትኛው ኢ፣ የትኛው ኤ እንደሆነ በወረቀት ጽፈህ እሰርበት፣ በሠርግ መሐል በጨለማ ስትፈልገው ኤና ዲን በእጅ መለየት ቀላል አይደለም።